በንዝረት የሚታለለው ባስ ዓሣ

ከጆሃንስበርግ የሚነሳው የጁክስኪ ወንዝ ከክሮኮዳይል ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሃርትቢስፑርት ግድብ ይገባል። ከከተማ ፍሳሽ ጋር የሚመጣው ንጥረ ነገር አልጌ ስለሚያበዛ የግድቡ ውሃ አዘውትሮ ይደፈርሳል። በዚያ የሚኖረው ትልቅ አፍ ያለው ባስ ግን የሚያድነውን የሚለየው በዓይኑ ብቻ አይደለም።

በዓሣው አካል ጎን ከራስ እስከ ጅራት የተዘረጋው «የጎን መስመር» ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉት። በአቅራቢያው ትንሽ ዓሣ ስትዋኝ የውሃው እንቅስቃሴ ሕዋሳቱን ያጎብጣል፤ መልእክቱም ወደ አንጎል ይደርሳል። ነዛሪው የብረት ማጥመጃ የሚያታልለው ይህንኑ የስሜት አካል ነው። ማጥመጃው ከታች ክብደት የተጨመረበት ስስ የብረት ዝርግ ሲሆን ክሩ የሚያያዘው በጀርባው በኩል ነው። ወደ ላይ ሲሳብ ግራና ቀኝ በፍጥነት ይንቀጠቀጣል።

በደቡብ አፍሪካ ቀዝቃዛው ወቅት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። የባስ የሰውነት ሙቀት የውሃውን ስለሚከተል በዚህ ጊዜ ዓሣው ይዝላል፤ ርቆም አያሳድድም። ስለዚህ አጥማጁ ማጥመጃውን እስከ ወለሉ ያወርዳል፤ ዘንጉን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ንዝረቱ እጁ ላይ ሲሰማው ያቆማል። ከዚያም ክሩ ሳይላላ፣ ሳይወጠርም ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። ባስ ብዙውን ጊዜ የሚነክሰው ማጥመጃው ሲወርድ ነው። ክሩ ከላላ ንክሻው አይታወቅም፤ ከተወጠረ ደግሞ አወራረዱ ይበላሻል። የብረቱ ጠርዝ ክር ስለሚቆርጥ በትንሽ ማያያዣ ቁልፍ ማሰር ይመከራል።

አጥማጁን የሚያስደስተው ይህ የአደን ብቃት ለአገር በቀል ዓሦች አደጋ ነው። የባስ ዝርያዎች የሰሜን አሜሪካ ተወላጆች ናቸው፤ ትልቅ አፍ ያለው ባስ ወደ ደቡብ አፍሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። በምዕራብ ኬፕ በሚገኘው ሮንዴጋት ወንዝ፣ ዘመዱ የሆነው ትንሽ አፍ ያለው ባስ አገር በቀሎቹን ትናንሽ ዓሦች ከወንዙ የታችኛው ክፍል አጥፍቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ሮቴኖን በተባለ ኬሚካል ባሱ ከተወገደ በኋላ አገር በቀሎቹ ተመልሰዋል።

ስለዚህ ባስን በሚኖርበት ግድብ ማጥመድ አንድ ነገር ነው፤ ከነሕይወቱ ወደ ሌላ ወንዝ መውሰድ ግን በዚያ ያሉትን ዓሦች ለጥፋት አሳልፎ መስጠት ነው።