አዊኛ ሳልችል እንጅባራ ማስተማር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለመግባት አስቤያለሁ። ስመረቅ እንጅባራ አካባቢ መቀጠር እፈልጋለሁ፤ አዊኛ ግን አልችልም። ያግደኛል?
ከቡሬ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሚወስነው የሚያስተምሩት ክፍል ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ስለደነገገ፣ በአዊ ዞን ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአዊኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። እዚያ ቋንቋውን አለመቻል በእርግጥ ያግዳል፤ ደግሞም ተገቢ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ መምህሩ የሚለው ካልገባው መደመርና መቀነሱም አይገባውም። ሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለዚያ ግን ዲግሪ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው መስፈርት የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ በአየርላንድም የመጀመሪያ ደረጃ መምህር አይሪሽኛ መቻል ይጠበቅበታል፤ ውጭ አገር ሠልጥኖ ለመጣ መምህር ቋንቋውን ተምሮ የሚፈተንበት ጊዜ ይሰጠዋል።

አዊኛ የኩሽ ቋንቋ ነውና አማርኛ ስለቻሉ ብቻ አይገባዎትም። የሚጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ስለሆነ ንባቡ አይከብድዎትም። የአንደኛ ክፍልን መጽሐፍ ይዘው ከተናጋሪዎች ጋር ዛሬውኑ ይጀምሩ። የቅጥር መስፈርት ስለሚለዋወጥ፣ ከመመዝገብዎ በፊት የኮሌጁን ሬጅስትራርና የአዊ ዞን ትምህርት መምሪያን በአካል ሄደው ይጠይቁ።