የተጣበቀ ቴስቲና አወጣጥና የተበላሸ ጥርስ አጠጋገን

መኪና ሞተሩ ቢጠነክር፣ ፍሬኑም ቢይዝ፣ መሪው ካልታዘዘ ዋጋ የለውም። ይህን በክፍል ውስጥ ተምረነዋል፤ በደንብ የገባን ግን በተግባር ልምምድ ጊዜ እንሴኖ ውስጥ፣ በአንድ ጋራዥ ባጠፋነው ጥፋት ነው። ስለሆነም ያየነውንና የተማርነውን ለሠልጣኝ ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው። ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር ኃይሉ በቲራንቲው በኩል ወደ ፊት ጎማዎች ይደርሳል። በቲራንቲው ጫፍ ያለው፣ ውስጡ ኳስ የመሰለ ራስ ያለበት መገጣጠሚያ ቴስቲና ይባላል። ቲራንቲ፣ ቴስቲና፣ ዳዶ፣ ግራሶ የሚሉት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ የጋራዥ ቃላት ናቸው። የቴስቲናው እግር ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ እግሩ እንደ ሽብልቅ በመሪው ክንድ ቀዳዳ ውስጥ ይሰነቀራል። በዚህም ምክንያት ዳዶው ተፈትቶ እንኳ እግሩ አይለቅም፤ ዝገትና ጭቃ ሲጨመርበትማ ጭራሽ አልነቀልም ይላል።

ወደ ጋራዡ የመጣው በርበሬ የሚጭን ፒክአፕ ነበር። ድንጋይ መትቶት ቲራንቲው ተጣሟል፤ ቴስቲናው ግን ደህና ነበር። የእኛ ሥራ ደህናውን ቴስቲና ነቅለን በአዲሱ ቲራንቲ ላይ መግጠም ነው። እኛ ደግሞ ቸኮልን። ዳዶውን ጨርሰን አወጣንና የእግሩን ጫፍ በመዶሻ ደጋግመን መታነው። እግሩ ወጣ፤ ነገር ግን ጫፉ ጠፍጥፎ የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ተጨፈለቁ። ዳዶው ከዚያ በኋላ አልገባም አለ።

መካኒኩ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲህ አስረዳን።

1ኛ. መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ የኋላ ጎማው በታኮ ይደገፍ። በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አይገባም።

2ኛ. ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፤ ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደው ኮፒሊያ ይነቀል። ናፍጣ ወይም ላምባ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይፍሰስበት። ጊዜ ካለ ቢያድር ይመረጣል።

3ኛ. ዳዶው ይላላ እንጂ ጨርሶ አይውጣ። ከእግሩ ጫፍ ጋር እኩል ሲሆን ይቁም። እንዲህ ሲሆን ጥርሱን ይጠብቃል፤ እግሩ በድንገት ቢለቅም ይይዘዋል።

4ኛ. ማውጫ መሣሪያ ካለ ገጥሞ ማጥበቅ ነው። ከሌለ የክንዱ ቀዳዳ ያለበት ክፍል ከጎኑ ይመታ፤ በተቃራኒው ጎን ሌላ ከባድ መዶሻ ይደገፍ። ምቱ ቀዳዳውን ለቅጽበት ስለሚያዛባው ሽብልቁ ይለቃል። የእግሩ ጫፍ ግን አይነካም።

5ኛ. እሳት አይቅረብ። ክንዱ በሙቀት ተሠርቶ የጠነከረ ብረት ስለሆነ እንደገና ሲሞቅ ጥንካሬው ሊጎዳ ይችላል። ግራሶውና ላስቲኩም ይቃጠላሉ።

ቴስቲናው ከቲራንቲው ሲፈታ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በብዙ መኪኖች የቲራንቲው አንዱ ጫፍ ቀኝ ጥርስ፣ ሌላው ግራ ጥርስ ነው። ይህም ቲራንቲውን በማዞር ብቻ ርዝመቱ እንዲስተካከል ነው። ይህን ያላወቀ ሰው እየፈታሁ ነው ብሎ ያጠብቃል። ሲፈታም ዙሩ ይቆጠርና ይጻፍ፤ ሥራው ካለቀ በኋላም የጎማዎቹ አቅጣጫ ይለካ።

ጥርስ ለመጠገን በቅድሚያ ዓይነቱን መለየት ያስፈልጋል። 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ጥርሱ በ2 ወይም በ1.5 ሚሊ ሜትር ሊራራቅ ይችላል። የሜትሪክ ጥርስ ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ጥርስ 55 ዲግሪ ነው። አንዱን በሌላው ላይ ማስገደድ ሁለቱንም ያጠፋል። ትንሽ የተቀጠቀጠ ጥርስ በሦስት ማዕዘን ሞረድ ይስተካከላል፤ ከዚያም ትክክለኛው ዳይ በዘይት ይዞርበታል፤ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። የቀዳዳ ጥርስ በታፕ ሲወጣ የመብሻው ስፋት ከብሎኑ ውፍረት ላይ የጥርሱ ርቀት ተቀንሶ ይገኛል፤ 10 ሲቀነስ 1.5 ይሆናል 8.5 ሚሊ ሜትር።

ይህ ሁሉ ግን ለኮፈንና ለመሰል ብሎኖች ነው። የፒክአፑ ባለቤት ጭነት ስለሚጠብቃቸው፣ «በዳይ አውጡልኝ፤ እምቢ ካለም ዳዶውን በብየዳ ምቱልኝ» አሉ። እኛም ጥፋታችን ስለሚሸፈን ሐሳቡን ወደድነው። መካኒኩ ግን፣ «ጋሼ፣ ሞተር ቢቆምብዎ መንገድ ላይ ያድራሉ። መሪ ቢለቅብዎትስ የት ያድራሉ?» አላቸው። የተጨፈለቀ ጥርስ ሲሞረድ ብረቱ ይቀንሳል፤ ብየዳም ብረቱን ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል። የመሪ ዕቃ ጥርሱ ከተጎዳ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

አዲስ ቴስቲና ከቡታጅራ መጣ፤ ዋጋውን እኛ አዋጥተን ከፈልን። ሰውየው ግን የአንድ ቀን ጭነት አመለጣቸው፤ ያንን ልንመልስላቸው አልቻልንም። ሲገጠም እግሩና ቀዳዳው በደረቅ ጨርቅ ተጠረጉ፤ ግራሶ አልተቀባቸውም። ዳዶው በተወሰነለት ልክ ጠበቀ። የኮፒሊያው ቀዳዳ አልገጥም ሲል ዳዶው ትንሽ ተጨመረበት እንጂ አልላላም። ኮፒሊያውም አዲስ ሆነ።

ወደፊት ተማሪዎችን ስናስተምር ለዚህ ትምህርት መኪና አያስፈልገንም። ወረቀት በሦስት ማዕዘን ቆርጠን በእርሳስ ላይ ብንጠመጥመው፣ የብሎን ጥርስ የተጠመጠመ ዳገት መሆኑን ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። ሽብልቅን ደግሞ እንጨት ሲፈለጥ ሁሉም ያውቁታል።

በሚቀጥለው ዙር ለልምምድ የምትወጡ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ዳዶውን ጨርሳችሁ እንዳታወጡ፣ ጥፋትም ከደረሰ ከመሸፈን ይልቅ ወዲያውኑ እንድትናገሩ እናሳስባለን።