ድኻን ማከምና የየቲም ጉዳይ



በሱረቱል ኢንሳን (76፥8) ምስኪን፣ የቲምና ምርኮኛ ጎን ለጎን ተወስተዋል። በዚያ ዘመን ምርኮኛው በአብዛኛው ሙስሊም ያልሆነ ሰው መሆኑን ልብ እንበል።

እ.ኤ.አ. በ1992 ደቡብ ሎስ አንጀለስ በሁከት ከተቃጠለ በኋላ፣ ሕክምና ይማሩ የነበሩ ሙስሊም ወጣቶች በዚያው የድኾች ሰፈር ነጻ ክሊኒክ ለመክፈት ተነሱ። «ኡማ» የተባለው ይህ ክሊኒክ በ1996 በሩን ከፈተ። ከታካሚዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች አይደሉም፤ ሃይማኖታቸውንም የሚጠይቃቸው የለም።

እንዲህ ያለውን ሥራ መጀመር ደስ ያሰኛል፤ የሚከብደው መቀጠሉ ነው። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በአንድ ቀን በጎ ፈቃድ አይድኑም። ታካሚው በየጊዜው መታየት፣ መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት። ጎዳና የሚያድረውማ ኢንሱሊኑን ከፀሐይ የሚያስጠልልበት ስፍራ እንኳ የለውም። ሐኪሞቹ በተራ ስለሚመጡ ካርዱን የሚይዝና የቀረውን ታካሚ የሚፈልግ ቋሚ ሠራተኛ ያሻል። እኛ ለጋሾች ግን (እውነቱን እንናገር) ስማችን ለሚጻፍበት ሕንጻ እንጂ ለመዝገብ ያዡ ደመወዝ እጃችን አይፈታም።

በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። እኛም ልጁን የምንመዘግበው አባቱ ከተቀበረ በኋላ ነው። ግፊቱ ሳይታወቅለት የሚሞተው የቀን ሠራተኛ ግን ትናንት በርካሽ ኪኒን መታከም ይችል ነበር።

ስለዚህ ዘካችሁን ለድኻ ታካሚዎች መድኃኒት መግዣ ስጡ። ብዙ ዑለማዎች ዘካ በድኻው እጅ መግባት አለበት ስለሚሉ፣ ሕንጻውና ደመወዙ ከሰደቃ ይሸፈን።