ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና የማሳችን አፈር

እኛ የጫግኒ ልጆች ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤታችን ስንገባ ከአባቶቻችን አፍ የማይጠፋው የማዳበሪያ ነገር ነው። «መሬቱ ለምዷል፤ ካላጎረስነው አያጎርሰንም» ይላሉ። በቆሎው ሳይሸጥ ዕዳው ይቆጠራል። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎችን አፈር ምን አገባቸው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን ያስተማረን ይኸው በቆሎ ነውና አንድ የሳይንስ ሰው የሠሩትን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

ዶክተር ተወልደ ብርሃን በ1932 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመርቀው፣ ዌልስ ሄደው ዶክትሬታቸውን አገኙ። የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት፣ ኋላም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ኃላፊ ነበሩ፤ ሹመቱን እንለፈው። ብዕራቸውና አንደበታቸው የገበሬው ዘር በፓተንት እንዳይታጠር ሲሟገት ኖሯል። በጥር 1992 ዓ.ም. በሞንትሪያል የጸደቀው የካርታሄና ስምምነት ሲረቅ ለአፍሪካ አገሮች የተከራከሩት እርሳቸው ናቸው። ያረፉት በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ነው።

እኛን ይበልጥ የሳበን በ1988 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከሱ ኤድዋርድስ ጋር በትግራይ የጀመሩት ሥራ ነው። ገበሬዎቹ ገለባ፣ አረም፣ እበትና አመድ ደራርበው ኮምፖስት አዘጋጁ፤ ምርቱም ማሳ ለማሳ ተለካ። በኮምፖስት የለማው በብዙ ሥፍራ ከኬሚካሉ የማያንስ፣ አልፎም የሚበልጥ እህል ሰጠ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ዩሪያ ለአዝመራው ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ከዚያው ከፊሉን ዝናብ ያጥበዋል፤ ሲደጋገምም አፈሩን ያኮመጥጠዋል። በአዊ ደጋ ገበሬው ኖራ የሚበትነው የአፈሩን ኮምጣጣነት ለማብረድ ነው። ብስባሽ ግን ውኃውንም ምግቡንም ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል።

ሆኖም ጫግኒ ትግራይ አይደለችም። ዝናባችን ብዙ፣ በቆሎአችንም በላተኛ ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ ብስባሹን ተሸክሞ ማሳ የሚያደርሰው የማን ጀርባ እንደ ሆነ ደግሞ እናቶቻችን ይጠየቁ። ስለዚህ በወሬ ከመከራከር አንዱን አባት ለምነን ከአንድ ቃዳ መሬት እኩሌታውን አግኝተናል። ጉድጓዱ በጥቅምት፣ አረሙ ሳይደርቅ ይቆፈራል። ምርቱን መዝነን በዚሁ መጽሔት እናወጣለን። ካነሰ፣ የጎደለውን እህል ከየት እንደምንተካላቸው ገና አልመከርንበትም።