ሥፍራዊ መረጃን በተሽከርካሪ ሉል ላይ ማሳየት፦ የአዲስ አበባ–ዋሽንግተን መስመር እንደ ምሳሌ

በፓይተን ሥፍራዊ መረጃን የሚተነትን ተማሪ ውጤቱን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ በጁፒተር ኖትቡክ ውስጥ በሚከፈት ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ነው። የዚህ ካርታ መሠረት ዌብ መርካተር የተባለው ፕሮጀክሽን ሲሆን፣ ምንጩ ጌራርዱስ መርካተር እ.ኤ.አ. በ1569 ለመርከበኞች ያዘጋጀው ካርታ ነው። ይህ ጽሑፍ በዚያው ኖትቡክ ውስጥ በመዳፊት የሚሽከረከር ሉል መጠቀም መቼ የግድ እንደሚሆን፣ መቼስ ጌጥ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ለማሳየት ይሞክራል።

ለምሳሌነት ሁለት ነጥቦችን እንውሰድ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሰሜን ኬክሮስ 8.98 እና በምሥራቅ ኬንትሮስ 38.80 ዲግሪ፣ የዋሽንግተኑ ደለስ ደግሞ በሰሜን ኬክሮስ 38.94 እና በምዕራብ ኬንትሮስ 77.46 ዲግሪ ላይ ይገኛሉ። በአይፓይሊፍሌት ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሁለቱን በቀጥታ መስመር ብናገናኝ፣ መስመሩ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና ሞሪታንያን አቋርጦ በምዕራብ ሰሃራ ጠረፍ በኩል ወደ አትላንቲክ ይወጣል። እነዚያኑ ነጥቦች በፕሎትሊ ኦርቶግራፊክ ሉል ላይ ብናስቀምጥ ግን መስመሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ ሜዲትራኒያንን ይሻገራል፤ ከዚያም ስፔንንና ፖርቱጋልን አልፎ በአትላንቲክ መካከል እስከ 44.8 ዲግሪ ሰሜን ይወጣል። ምድርን ፍጹም ሉል አድርገን ስናሰላ የመጀመሪያው መንገድ 12,090 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በካርታው ላይ ቀጥ ያለው መስመር ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል ማለት ነው። (አውሮፕላኖች በነፋስና በአየር ክልል ፈቃድ ምክንያት ከሁለቱም ሊያፈነግጡ እንደሚችሉ መዘንጋት የለበትም።)

ልዩነቱ የመጣው ከመረጃው አይደለም፤ መሣሪያው በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ከሚሞላበት መንገድ ነው። ፕሎትሊ በሉሉ ወለል ላይ አጭሩን የታላቅ ክብ ቅስት ሲስል፣ ጠፍጣፋው ካርታ ግን በስክሪኑ ላይ አጭር የሆነውን ይስላል። ጠፍጣፋውን መጠቀም ግድ ከሆነ በፓይፕሮጅ መካከለኛ ነጥቦችን አስልቶ መስመሩን በብዙ ትንንሽ ክፍሎች መሳል ይገባል።

በእኔ አመለካከት የሉሉ ትልቁ ጥቅም ውበቱ ሳይሆን ስሕተትን ማጋለጡ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ ቦታ ሲቀያየሩ አዲስ አበባ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተ ደቡብ ባሕር ውስጥ ትወድቃለች፤ ይህን ጠፍጣፋውም ካርታ ያሳየናል። የቅርጽ ዙሪያ አቅጣጫ ጉዳይ ግን ከዚህ ይረቅቃል። በጠፍጣፋ ወለል ላይ አንድ ዝግ መስመር ውስጡና ውጭው የታወቀ ነው። በሉል ላይ ግን ማንኛውም ዝግ መስመር ምድርን ለሁለት የሚከፍል በመሆኑ፣ የትኛው ወገን “ውስጥ” እንደሆነ የሚወስነው ነጥቦቹ የተደረደሩበት አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የጂኦጄሰን መስፈርት የውጭው ዙሪያ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ እንዲዞር ያዛል፤ ዲ3 የተባለው የሥዕል ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ እንዲዞር ይጠብቃል። ይህን ሳያስተካክል ጣና ሐይቅን በሰማያዊ ለመቀባት የሞከረ ሰው ሐይቁ ባዶ ቀርቶ የተቀረው ዓለም በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። መድኃኒቱ የነጥቦቹን ቅደም ተከተል መገልበጥ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ላላወቀ ግን ቀን ሙሉ የሚያደክም እንቆቅልሽ ነው።

ሉሉም የራሱ ሽፍጥ አለው። በማንኛውም ጊዜ የሚታየው ከምድር ገጽ ቢበዛ ግማሹ ነው። ከማዕከሉ የራቀ ነገር ሁሉ ወደ ጠርዝ ይጨመቃል፤ በ60 ዲግሪ ርቀት ላይ ያለ አገር ወደ ማዕከሉ በሚያመራው አቅጣጫ ግማሽ ያህል ጠብቦ ይታያል። ስለዚህ “ሉል ነውና ስፋትን በትክክል ያሳያል” የሚለው አባባል የሚሠራው በማዕከሉ አካባቢ ብቻ ነው። ከላይ ላየነው መስመር የሚሻለው ሉሉን በመስመሩ እኩሌታ፣ ማለትም ፖርቱጋል ውስጥ በሚወድቀው ነጥብ፣ ላይ ማዕከል ማድረግ ነው፤ ያኔ ሁለቱም ከተሞች ከማዕከሉ በ52 ዲግሪ ርቀት ላይ ሆነው በአንድነት ይታያሉ።

ሁለት የአሠራር ጉዳዮች ይቀራሉ። በኖትቡክ ውስጥ የሚሽከረከረው ሉል በታተመ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ አይሽከረከርም። በመሆኑም ገምጋሚው የሚያየውን ገጽታ አጥኚው አስቀድሞ መምረጥና የማዕከሉን ኬክሮስና ኬንትሮስ ከሥዕሉ ሥር መጻፍ ይኖርበታል። በተጨማሪም በርካታ መሣሪያዎች የአገሮችን ወሰን ወይም የሳተላይት ምስል ከኢንተርኔት ስለሚያመጡ ግንኙነት ሲቋረጥ ባዶ ክብ ብቻ ይቀራል። ከናቹራል ኧርዝ የ1፡110,000,000 የባሕር ጠረፍ ፋይል አስቀድሞ አውርዶ እንደ ራስ መረጃ መሳል ይህን ችግር ያቃልላል። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ ለአጠቃቀሙም ፈቃድ አይጠየቅም።

ጥናቱ በአንድ ወረዳ ወይም በአንድ ተፋሰስ የተወሰነ ከሆነ ግን ሉል አያስፈልግም። ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ የዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን በቂ ነው፤ ርቀቱም በሜትር ይነበባል።