«አስተማሪው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ፦ እኔነትን ስለ መግታትና ራስን ስለ ማወቅ

ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች የምንሠማራበት ጊዜ እየተቃረበ ነው። የትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀትን፣ የሰሌዳ አጠቃቀምንና የትምህርት መርጃ መሣሪያን የተመለከቱ ጽሑፎች በዚህ ሰሌዳ ላይ በተደጋጋሚ ወጥተዋል። ዛሬ ደግሞ በምዘና ቅጹ ላይ ነጥብ ስላልተሰጠው፣ ግን የመምህርን ጤና ስለሚያድን ወይም ስለሚያጠፋ ጉዳይ እንወያይ።

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። ባለፈው የልምምድ ወቅት ከእኛ አንዱ በሐራ አካባቢ በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምር ነበር። የዕለቱ ትምህርት ስለ አረም ነው። «አረም ሁሉ ውኃና ምግብ የሚሻማው ከአፈር ነው» ብሎ በሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የገበሬ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ አቀንጭራስ? አቀንጭራ እኮ የሚጠባው ከማሽላው ሥር ነው። አባቴ ነቅሎ አሳይቶኛል» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ገምጋሚው የምዘና ቅጹን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የዕጩ መምህሩ ፊት ጋለ፣ ጆሮው ጮኸ። «አስተማሪው አንተ ነህ ወይስ እኔ? ቁጭ በል!» አለ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ልጁም ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል እጁን አላወጣም።

ልጁ ትክክል ነበር። ዕጩ መምህሩም ይህንን ያወቀው ገና እዚያው ቆሞ ሳለ ነው። እንቅልፍ የነሳው ስሕተቱ ሳይሆን ስሕተቱን ለመሸፈን ያደረገው ነገር ሆነ።

ሀ. እኔነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ማንም ሰው ያለ «እኔ» መኖር አይችልም። ስሙን፣ ክብሩንና በራሱ መተማመኑን የጣለ ሰው ማስተማር ቀርቶ ውሎ መግባትም ይከብደዋል። እዚህ ላይ የምንቃወመው ይህንን አይደለም። ኦስትሪያዊው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ሥራው የተነተነው «ኢጎ»ም ፍላጎትን ከገሃዱ ዓለም ጋር የሚያስታርቀው የአእምሮ ክፍል ነውና የተለየ ነገር ነው። እኛ የምንለው በተለምዶ «ኢጎው ተነካ» ሲባል የሚታሰበውን ነው። ይኸውም ሁልጊዜ ትክክል መሆን አለብኝ፣ ሁልጊዜ መብለጥ አለብኝ፣ ካልተሳካም ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው የሚለው ስሜት ነው። አበው «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ሲሉ የገለጹት እሱን ነው።

ታዲያ በራስ መተማመንና እኔነት በምን ይለያሉ? መለያው ቀላል ነው፤ እርማት ሲመጣ ይታያል። በራሱ የሚተማመን ሰው ሲታረም ይሰማል፣ ያመዛዝናል፣ ይቀበላል ወይም በማስረጃ ይመልሳል። እኔነት የያዘው ሰው ግን ሲታረም የተደበደበ ይመስለዋል። ስለዚህ ከውጭ ሲታይ ትዕቢት የሚመስለው ነገር፣ ከሥሩ ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው። ያ ዕጩ መምህር ልጁን አልናቀውም። የፈራው ገምጋሚውን፣ የተማሪዎቹን ሳቅና «ይህንንም አያውቅም» መባልን ነበር።

ለ. ከአቀንጭራ የምንማረው

በቆላማው የሰሜን ወሎ ቀበሌዎች ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ሁሉ አቀንጭራን ያውቃታል። ዘሯ ከአሸዋ የደቀቀ ነው። በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳትሞት ልትቆይ ትችላለች። የምትበቅለው የማሽላው ሥር ወደ አፈር የሚለቀው ንጥረ ነገር ሲቀሰቅሳት ነው። ከዚያ ከሥሩ ጋር ትጣበቅና ውኃውንም ምግቡንም ትጠባለች። ሐምራዊ አበባዋ ከመሬት በላይ ብቅ ሲል፣ ከጉዳቱ አብዛኛው ከመሬት በታች ደርሶ አልቋል።

ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ይህችን አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው። ከመፍትሔዎቻቸው አንዱ ቀስቃሹን ንጥረ ነገር አሳንሶ የሚለቅ ማሽላ ማግኘት ነበር። ዘሯ በአፈሩ ውስጥ አለች፤ ግን የሚጠራት አታገኝም። በአገራችን ከተሠራጩት አቀንጭራን ከሚቋቋሙ ዝርያዎች አንዱ «አብሽር» ይባላል። ያዘነ ሰው ስናጽናና «አብሽር» ለምንል ለእኛ ለወሎዎች ስሙ እንግዳ አይደለም።

እኔነትም እንዲሁ ነው እንላለን። ዘሩ በሁላችንም ውስጥ አለ፤ «እኔ የለብኝም» የሚል ካለ እሱ ይበልጥ ይጠራጠር። ቁጣው፣ ስድቡና ማሸማቀቁ አበባው ናቸው። ሥሩ የቆየው ከታች፣ ከፍርሃታችን ጋር ተጣብቆ ነው። አበባውን ብቻ መቁረጥ፣ ማለትም «ከዛሬ ጀምሮ አልቆጣም» ብሎ መማል አይበቃም። ቀስቃሹ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ራስን ማወቅ የምንለውም ይኸው ነው።

ሐ. ለአእምሮ ጤና ምን ያደርጋል?

አንደኛ፣ ያደክማል። ሁልጊዜ ራሱን የሚጠብቅ ሰው ዘበኛ ነው፤ ዘበኛ ደግሞ አይተኛም። ማን ምን አለኝ፣ ማን ሳቀብኝ እያለ የሚያድር መምህር ጠዋት ወደ ክፍል የሚገባው ደክሞ ነው። የደከመም ቶሎ ይቆጣል፣ ከተቆጣ በኋላ ይጸጸታል፣ ማታም ያንኑ ሲያሰላስል ያድራል።

ሁለተኛ፣ ዓይን ይጋርዳል። ጀስቲን ክሩገርና ዴቪድ ደኒንግ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን በሰዋስው፣ በአመክንዮና ቀልድን በመመዘን ፈተኑ። ውጤታቸው እጅግ ዝቅ ያለው ሩብ ያህሉ ተማሪዎች በአማካይ ከመቶ ሰው የሚበልጡት 12ቱን ብቻ ነበር። እነሱ ግን 62ቱን እንበልጣለን ብለው ገመቱ። እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፤ የአመክንዮ ትምህርት ሲሰጣቸው ራሳቸውን የመመዘን ችሎታቸውም ተሻሻለ። አለማወቃችንን የምናየው ስንማር ነው ማለት ነው። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ጉዳቱ ወደ ተማሪው ይሻገራል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነት ወልድያንና አካባቢዋን አጥቅቶ እንዳለፈ እናስታውሳለን። ከፊታችን ከሚቀመጡት ልጆች ስንቱ ከዚያ ጊዜ የተረፈ ድንጋጤና ሐዘን ይዞ እንደሚመጣ በመልኩ አናውቅም። እጁን ለማውጣት ብዙ ድፍረት የጠየቀውን ልጅ በአንድ ቃል ስናስቀምጠው ምን እንደሰበርን ላናየው እንችላለን።

መ. ራስን ማወቅ ራስን መክሰስ አይደለም

ነባር መምህሮቻችን በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባለውን አሠራር ያስታውሳሉ። በቀበሌው፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ በውይይት ክበቡ ሰው እየተነሣ ጥፋቱን እንዲናገር ይጠየቅ ነበር። ሐሳቡ በወረቀት ላይ መልካም ይመስላል። ነገር ግን በፍርሃት የሚነገር ግለ ሂስ አፍን እንጂ ልብን አይከፍትም። ሰው የሚያስቀጣውን ይደብቃል፣ የማያስቀጣውን ያወራል። እኔነቱ ይሸሸጋል እንጂ አይገታም።

ከዚህ የምንማረው ራስን ማወቅ በግዳጅ እንደማይመጣ ነው። ያለ ሌላ ሰው ዓይን ደግሞ አይሟላም። ይህንን ለማስረዳት ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1955 ያቀረቡት «የጆሃሪ መስኮት» ይጠቅመናል። ስሙ ከሁለቱ ስሞች የተቀጠለ ነው። ደብተራችሁ ላይ ባለ አራት ክፍል መስኮት ሣሉ።

1ኛው ክፍል፦ እኔም ሌላውም የምናውቀው ጠባዬ።
2ኛው ክፍል፦ ሌላው የሚያውቀው፣ እኔ የማላየው።
3ኛው ክፍል፦ እኔ የማውቀው፣ ከሌላው የምሸሽገው።
4ኛው ክፍል፦ እኔም ሌላውም ገና ያላወቅነው።

1ኛው ክፍል የሚሰፋው በሁለት መንገድ ነው። የታመነ ጓደኛን ስንጠይቅ 2ኛው ይጠባል። የተሸሸገውን ለሚገባው ሰው ስናካፍል ደግሞ 3ኛው ይጠባል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ተረት 2ኛውን ክፍል ሳያይ ስለሚኖር ሰው የተነገረ ነው።

ሠ. ምን እናድርግ?

1. ስሜቱን በስሙ እንጥራው። ፊታችን ሲግል፣ ልባችን ሲመታ፣ አንድ ትንፋሽ ወስደን በውስጣችን «አፈርኩ»፣ «ፈራሁ» እንበል። ስሜትን በቃል መሰየም ግለቱን እንደሚያበርደው በአእምሮ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ጠመኔውን አስቀምጦ ሰሌዳውን መጥረግም ያን ትንፋሽ ለማግኘት ይበቃል።

2. «አላውቅም» ማለትን እንለማመድ። ሙሉ ዐረፍተ ነገሩ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፤ አጣርቼ ነገ እነግራችኋለሁ» ነው። ነገ ሲደርስ ግን መንገር ግዴታ ነው። ሳያጣራ የሚመጣ መምህር ትሑት ሳይሆን ሰነፍ ነው።

3. ማታ እንጻፍ። ጄምስ ፔኔቤከርና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት፣ ስለ ከባድ ገጠመኛቸውና ስለ ስሜታቸው ለአራት ተከታታይ ቀናት 15 ደቂቃ የጻፉ ተማሪዎች በቀጣዮቹ ወራት ወደ ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ዛሬ ምን ነካኝ? ምን ፈርቼ ነበር? ነገ ምን አስተካክላለሁ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መልሶ ደብተሩን መዝጋት ነው። መዝጋቱን አደራ! አንድን ጥፋት እየደጋገሙ ማመንዠክ መብሰልሰል ይባላል፤ ጭንቀትን ይጨምራል እንጂ ራስን አያሳውቅም።

4. አንድ ተመልካች እንምረጥ። ጓደኛችን ክፍላችን ገብቶ አንድ ነገር ብቻ እንዲያይልን እንጠይቀው፤ ለምሳሌ ስንታረም ፊታችን ምን እንደሚመስል። ሲነግረን መልስ አንስጥ፣ «እሺ» ብለን እንጻፍ።

5. ያበላሸነውን ባበላሸንበት ቦታ እናስተካክል። ተማሪን በክፍል ፊት አዋርዶ በመንገድ ላይ በሹክሹክታ ይቅርታ መጠየቅ አይበቃም።

ከዚህ ጋር ማስጠንቀቂያም እንስጥ። ጭንቀት ሁሉ ከእኔነት አይመጣም። ሐዘን፣ ችግርና ሕመም አሉ። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ የጠላው፣ ወይም መኖር የሰለቸው ጓደኛ ካለን «እኔነትህን ተው» ብለን አንምከረው። አብረነው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል እንሂድ። መኖር ሰለቸኝ ካለ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ያኑኑ ቀን ብቻውን ሳንተወው እንውሰደው። የአእምሮ ሕመም እንደ ወባ ሁሉ የሚታከም ሕመም ነው።

ወደ ሐራው ክፍል እንመለስና እናብቃ። ያ ዕጩ መምህር የገጠመውን ለክፍሉ ነባር መምህር አጫወታቸው። እሳቸውም፣ «አብሽር፣ እኔም በጀማሪነቴ እንዲሁ ነበርኩ። ልጁን ግን እንዲሁ እንዳትተወው» አሉት። ሁለት ሳምንት አመነታ። በመጨረሻ በክፍሉ ፊት ቆሞ፣ «ያን ቀን ስለ አቀንጭራ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ትክክል ነበር። ስለ ጮህኩበት ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። ማንም አልሳቀም። በማግሥቱ ልጁ አንድ የማሽላ አገዳ ከነሥሩ፣ አቀንጭራዋ እንደተጣበቀችበት፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ። የዚያን ዕለት ትምህርት ያስተማሩት ሁለቱ ናቸው። ማታም ዕጩ መምህሩ ተኛ።

ይህንን ጽሑፍ ካዘጋጀነው አንዱ እሱ ራሱ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ባለፈው ሳምንት ስትታረሙ መጀመሪያ የተሰማችሁ ምን ነበር? ፍርሃቱስ ከምን የመጣ ነው?
2. ይሉኝታና ትሕትና አንድ ናቸውን? ልዩነታቸውን በምሳሌ አስረዱ።
3. አሠልጣኝ መምህራን በዕጩ መምህራን ፊት «አላውቅም» ቢሉ ክብራቸው ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? ለምን?