የሐይቅን ዳርቻ በነጠላ ጥለት

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሐይቅ ሲደርሱ ውኃው ከታች፣ የአምባሰል ተራሮች ከላይ ይታያሉ። ይህን አገር በነጠላ ጥለት ላይ ማምጣት የሚፈልግ ሸማኔ ሐይቁን ከነታንኳው መሳል አይጠበቅበትም፤ እኔም እንዲህ ያለውን ሥራ አልወደውም። ሸማ አሳምሮ የሚይዘው የቀለምን ተራና ስፋት ነው።

መጀመሪያ ወቅት ይምረጡ። በመስከረም አደይ አበባና ለምለም ማሽላ አለ፤ በኅዳር የደረሰ ጤፍ ወርቃማ ይሆናል፤ በየካቲት አፈሩ ይገለጣል። ሁለት ወቅት በአንድ ጥለት አይቀላቅሉ።

ቀጥሎ አንድ ቦታ ቆመው ከታች ወደ ላይ ያዩትን ይጻፉ። ጥለቱ 12 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለውኃው 4፣ ለቄጠማው 1፣ ለማሳው 3፣ ለቁጥቋጦው 2፣ ለገደሉ 2 ይስጡ። እኩል ከተካፈለ የሐይቁ ስፋት ይጠፋል። ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ሁለት ማግ ጥቁር አረንጓዴ ይበቃል።

ነጩ ድር የማጉን ቀለም ያፈዘዋል። ስለዚህ ካዩት ጠቆር ያለ ክር ይምረጡ፣ ወይም ጠበቅ አድርገው ይምቱ። በውኃው ላይ ግን ነጩ ይጠቅማል፦ ሁለት ማግ ሰማያዊ፣ አንድ ማግ ነጭ እያደረጉ ቢወረውሩ ማዕበሉ ይታያል። ባለቀለሙን ክር አስቀድመው አርጥበው በነጭ ጨርቅ ይሹት፤ ከለቀቀ ይተዉት።

ዋናው ድካም አምባሰል ላይ ነው። ጥበብ የሚጣለው ድር እየተቆጠረ ስለሆነ ማንኛውም ዘንበል ያለ መስመር ደረጃ ይሆናል። ይህ ለአምባ አገር የተመቸ ነው። በባለካሬ ወረቀት ላይ ይንደፉ። ገደሉ እንዲቆም፣ 6 ማግ እስኪወረወር የጥበቡ ጠርዝ ከቦታው አይነቃነቅ። ተዳፋቱ እንዲተኛ በየማጉ 4 ድር ወደ ጎን ይሂድ። አናቱን ረዥም ሜዳ አድርገው ይተዉት፤ ሾጣጣ ከሆነ የየትኛውም አገር ተራራ ይሆናል። አንዱን አምባ ሰፊ፣ ቀጣዩን ጠባብ ቢያደርጉ ደግሞ ሰንሰለቱ ሕይወት ያገኛል።

ጥለቱ በነጠላው ሁለት ጫፍ ይገባልና የመጀመሪያውን ከውኃ ወደ ገደል፣ ሁለተኛውን ከገደል ወደ ውኃ ይሥሩ። የአምባውንም ንድፍ ይገልብጡ፤ በሁለተኛው ጫፍ ቀድሞ የሚጣለው ሜዳው አናት ነው። ይህ ከተረሳ ነጠላው ሲለበስ በአንዱ ጫፍ ውኃው ከተራራው በላይ ይሆናል።